ፊላ አገሩ የት ነው?

ፊላ ሥሩን ከጭቃ፣ እግሩን ከውሃ፣ ቅጠሉን ከነፋስ አድርጎ የሚኖር የረግረግ ተክል ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ሦስት ሜትር ይደርሳል። ቅጠሎቹ እንደ ጎራዴ የረዘሙ ናቸው፤ ከመካከላቸው የሚወጣው ዘንግ ጫፉ ላይ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ እንደ ትንሽ ዘነዘና የደለበ ዘለላ ይሸከማል። በወላይታ ይህን ተክል በቦታው ማየት የሚሻ ሰው ከሶዶ ቁልቁል መውረድ አለበት። ከተማዋ በዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ አባያ ሐይቅ ግን ወደ 1170 ሜትር ዝቅ ብሎ ይተኛል። እንሰቱና ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ሁምቦ ይታለፋል፣ የአበላ ሜዳ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ፣ ብላቴ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ጀምሮ የሰበሰበውን አፈር ተሸክሞ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በሰሜኑ ዳርቻ፣ የምድርና የውሃ ድንበር ይጠፋል። የፊላ ቦታ እንዲህ ያለው ነው።

ተክሉ «አገር በቀል» ይባላል። ቃሉ በግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በችግኝ ተከላ ቀን ይነገራል፤ ሲነገርም ብዙ ጊዜ ምስጋና ሆኖ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ቶሎ አይገኝም። ፊላ በአባያ ዳር አለ፤ በግብፅ በዓባይ ዳር አለ፤ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በካሪቢያን ደሴቶችም አለ። በየሄደበት አገር በቀል ነው ይሉታል። በሁሉም የበቀለ የማን በቀል ነው? ጥያቄው የዕፀዋት ሊቃውንት ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ማንነቱን የሚያገኘው በውስጡ ከያዘው ባሕርይ ነው ወይስ ከቆመበት ቦታ የሚለው የጥንት የፍልስፍና ክርክር እዚህ ጭቃ ውስጥ እግሩን ነክሮ ይገኛል።

ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ተክሉ መለየት አለበት፤ ረግረግ ውስጥ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላልና። ለመለየት ከዓይን ይልቅ እጅ ይበልጣል። ደንገል ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በጣት ሲሽከረከር ጠርዙ ይሰማል። ጫፉ ላይ እንደተበተነ ፀጉር ያለ ዘውድ ይይዛል፤ የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጠማም የደንገል ዘመድ ነውና ሦስት ማዕዘኑን ይጋራል፤ እንግጫም እንዲሁ፣ ከሁለቱም የቀጠነ ሆኖ። ሸምበቆ ሌላ ነው፤ ግንዱ ክብ፣ ውስጡ ባዶ፣ በየስንዝሩ አንጓ ያለው፤ ዋሽንት የሚወጣው ከዚህ ወገን ነው። ፊላ ጠርዝም አንጓም የለውም። ቅጠሎቹ ሁሉ ከሥር ተነሥተው አንዱ ሌላውን እያቀፈ ይወጣሉ። አንዱ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፈለና አየር የሞላበት ነው።

ይህ አየር የተክሉ ምሥጢር ነው። የረግረግ ጭቃ ኦክስጅን የለውም፤ ለአብዛኛው ተክል ሥር መቃብር ነው። ፊላ በወጣት ቅጠሎቹ በኩል አየር ስቦ፣ በቅጠሉ ውስጥ በሚፈጠር ግፊት ወደ ታች እየነዳ፣ በጭቃው ውስጥ ለሚሳበው አግዳሚ ግንዱ ያደርሳል፤ የተቃጠለውም አየር በአሮጌ ቅጠሎች በኩል ይወጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ያየ የኑሮውን ቦታ አይቷል፤ እነዚያ ክፍሎች ረግረግ ባይኖር ትርጉም የላቸውም። ነጥቡ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

«ፊላ» የሚለው የአማርኛ ስም ግን አንድ ዝርያ ብቻ አይሸፍንም። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ሁለቱ የታወቁት፣ በሳይንስ ስማቸው፣ ሰፊ ቅጠሉ ቲፋ ላቲፎሊያና ጠባብ ቅጠሉ ቲፋ ዶሚንጌንሲስ ናቸው። ዘለላው ሁለት ክፍል አለው፤ ላይ ወንዴው፣ ታች ሴቴው። በሰፊ ቅጠሉ ሁለቱ ይነካካሉ፣ ሴቴውም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። በጠባብ ቅጠሉ በሁለቱ መካከል ባዶ ዘንግ ይታያል፤ ጣት የሚያክል ክፍተት ነው፤ የሴቴው ቀለምም ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ቀረፋ የሚያደላ ነው። ቀለሙን የሚያፈዝዙት በሴቴ አበቦቹ መካከል ያሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ሲሆኑ፣ እነዚህ በሰፊ ቅጠሉ ላይ የሉም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ የሰፊ ቅጠሉ የአበባ ብናኝ አራት አራት ሆኖ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ የጠባብ ቅጠሉ አንድ አንድ ሆኖ ይበተናል። ጠባብ ቅጠሉ ሙቀትና ጨዋማነት ያለውን ውሃ ይበልጥ ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር መብዛቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በጠባብ ቅጠሉ ላይ ያለው ክፍተት አንዳንዴ እጅግ ይጠብባል። የቀድሞ ተመራማሪዎች የአፍሪካን ጠባብ ቅጠል ፊላ የአውሮፓው ቲፋ አንጉስቲፎሊያ ወገን አድርገው ይመዘግቡት ነበር፤ የቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ያ ስም እስካሁን ይገኛል። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሰፊ ቅጠሉና አንጉስቲፎሊያ ተዳቅለው ከሁለቱም የወጣ ፊላ ሰፊ ረግረግ ይዟል። እንግዲህ ዝርያ የሚባለው ወሰን በተክሉ ላይ ያለ ነው ወይስ ሰው ያሰመረው? አርስቶትል ለእያንዳንዱ ፍጥረት የማይለወጥ ባሕርይ ሰጥቶ ነበር፤ ከዳርዊን ወዲህ ዝርያ በጊዜ ውስጥ የሚፈስ የትውልድ ወንዝ ሆኖ ይታያል። ሆኖም ወንዝ ፈሰሰ ተብሎ ዳር የለውም አይባልም። የሰፊ ቅጠሉ ብናኝ ማይክሮስኮፕ ከመሠራቱ በፊትም አራት አራት ሆኖ ይጣበቅ ነበር። ሰው መስመሩን የሚያሰምረው አስቀድሞ በተቀመጠ ልዩነት ላይ ነው፤ የት ላይ እንደሚያሰምር መወሰኑ ብቻ የእርሱ ነው።

ስሙ ግን ሙሉ በሙሉ የሰው ሥራ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጠባብ ቅጠሉን ፊላ ስም ያወጣው ግን ክርስቲያን ፔርሶን የሚባል ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1807። ዶሚንጌንሲስ ማለት «የሳንቶ ዶሚንጎ» ማለት ነው፤ ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚካፈሉት የካሪቢያን ደሴት ናት። ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1804 ነፃ አገር ያወጁባት ምድር ናት። ስሙን የሰጠው ፔርሶንም የተወለደው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ በኬፕ ነው። በዚህ ዓይነት በአባያ ዳር የሚበቅል፣ ማንም ሳያመጣው የኖረ ተክል በሳይንስ መዝገብ ውስጥ የባሕር ማዶ ደሴት ስም ይዞ ይጠራል። ሐይቁ ራሱ ይህን ዕጣ ቀምሷል፤ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1897 ባደረገው ጉዞ ለአባያ የንግሥቲቱን የማርጌሪታን ስም ሰጥቶ ነበር፤ በብዙ ካርታዎችም ለረጅም ጊዜ በዚያ ስም ታትሟል።

በአገሩ የትምህርት ልማድ ስም በየፈርጁ ይለያል፤ የተጸውዖ ስም አለ፣ የግብር ስም አለ፣ የባሕርይ ስም አለ። ይህ አከፋፈል በነገረ መለኮት የተሳለ ቢሆንም ለረግረጉም ይጠቅማል። «ዶሚንጌንሲስ» የተጸውዖ ስም ነው፤ ተክሉ መጀመሪያ በመዝገብ የሰፈረበትን ቦታ እንጂ ተክሉን አይነግርም። ስለዚህ ውሸት አይደለም፤ አገሩንም አይመሰክርም። «አገር በቀል» የሚለውስ በየትኛው ፈርጅ ይገባል? ብዙ ሰው የባሕርይ ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ ተክሉ በደሙ፣ በዘሩ ውስጥ ተሸክሞት የሚዞር ጥራት ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከአባያ ዳር የተነቀለ ፊላ በአውሮፕላን ተጭኖ በማያውቀው ምድር ቢተከል ባሕርዩ አንዲት ነጥብ አይቀየርም፤ አገር በቀልነቱ ግን በመንገድ ላይ ይቀራል። ሳይለወጥ የሚያጣው ነገር የባሕርዩ ሊሆን አይችልም።

የተክልና የቦታ ጉዳይ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚመልሱ ሰዎች የዕለት ራስ ምታት ነው። የሙሴ እናት ልጇን በሳጥን አድርጋ በወንዝ ዳር ስታኖር ዕብራይስጡ ሁለት የውሃ ዕፀዋት ይጠቅሳል፤ ሳጥኑ የተሠራበት «ጎሜ»፣ ሳጥኑ የተቀመጠበት «ሱፍ»። የመጀመሪያው ደንገል ነው። ሁለተኛው ለረጃጅም የውሃ ዳር ዕፀዋት ሁሉ የሚሆን ሰፊ ስም ነው፤ ፊላም ከውስጡ ሊቆጠር ይችላል። እስራኤል የተሻገሩት ባሕር በዕብራይስጥ በዚሁ በ«ሱፍ» ስም ይጠራል፤ አማርኛው ግን የኤርትራ ባሕር ይለዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳጥኑ የደንገል፣ ዳርቻው የቄጠማ ሆኗል። በእንግሊዝኛ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው የተክል ስም ቀድሞ ቅጠል አልባ ለሆነ ሌላ የውሃ ዘንግ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ወደ ፊላ ተሻግሯል፤ ብዙ ሰዎችም ሕፃኑን በፊላ መካከል ያስቡታል። ይህ የትርጉም ሥራ በወላይታም ተሠርቷል፤ አዲስ ኪዳን በወላይትኛ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ2002 ታትሟል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ አለበት፤ የዓባይን ተክል በስሙ አቆይቶ አንባቢው የማያውቀውን ነገር መንገር ወይም አንባቢው በራሱ ወንዝ ዳር የሚያየውን ተክል ሰጥቶ የዓባይን መተው። ሁለቱም መታመን ነው፤ አንዱ ለተክሉ፣ ሌላው ለቦታው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ምርጫ ያለ ብዙ ክርክር ፈትቶታል። በቀዳም ስዑር ካህናት ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያስራል፤ ቀኑ ለምለም ቅዳሜ የሚባለው ከዚህ ነው። ምሳሌው ከጥፋት ውሃ በኋላ ርግብ ለኖኅ ያመጣችው ለምለም ቅጠል ነው። በዘፍጥረት ያ ቅጠል የወይራ ነው፤ በምእመናን ራስ ላይ ያለው ግን ቄጠማ ነው። የጽሑፍ ሰው ይህን ስሕተት ሊለው ይችላል። ረግረግ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲያ አይልም። ጎርፍ ጎድሎ ጭቃ ሲገለጥ ቀድሞ የሚያቆጠቁጠው ቄጠማና የቄጠማ ጎረቤቶች ናቸው፤ ዛፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ትውፊቱ የተክሉን ስም ለውጦ የተክሉን ግብር ጠብቋል፤ ውሃ መጉደሉን የሚያበሥር ለምለም ነገር ነው ያስፈለገው፤ በዚህ አገር ደግሞ ያንን የሚያደርገው ቄጠማ ነው። ይህ ከብዙ ሐተታ የበለጠ የጠራ የዕፀዋት ዕውቀት ነው።

መጽሐፈ ኢዮብም አንድ ነገር ይጨምራል። በምዕራፍ 8 ሹሐዊው በልዳዶስ ደንገል ያለ ረግረግ ያድግ እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ ግልጽ ነው፤ አያድግም። በልዳዶስ ከዚያ ተነሥቶ፣ የደረቀ ሰው እግዚአብሔርን የረሳ ነው ወደሚል ፍርድ ይሻገራል፤ ኢዮብም በዚህ ሚዛን እንዲመዘን ይፈልጋል። የመጽሐፉ መጨረሻ ግን ወዳጆቹ ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ይፈርዳል። የበልዳዶስ የተፈጥሮ ዕውቀት ልክ ነበር፤ ስሕተቱ ውሃ ያጣን ተክል በደለኛ ማድረጉ ነው። ደንገል የሚደርቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ከርሱ ውጭ ያለ ነገር ስለተነሣበት ነው። አንድ ሕያው ነገር ለመኖሩ ከራሱ ውጭ ያለን ነገር የሚሻ ከሆነ፣ ያ «ውጭ» የሚባለው በእርግጥ ውጭ ነውን? አርስቶትል ግንኙነትን ከአካል በታች፣ እጅግ ደካማው የመኖር መንገድ አድርጎ ነበር። ፊላ ይህን ደረጃ ይፈትናል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት የአየር ክፍሎች ኦክስጅን ያጣው ጭቃ በተክሉ አካል ላይ የጻፈው ጽሑፍ ናቸው። ግንኙነቱ ወደ አካል ገብቷል።

እንግዲህ አገር በቀል የሚለው ቃል የግብር ስም ነው ማለት ይሻላል፤ በተክልና በቦታ መካከል ያለ፣ ሰው ያልሠራው ረጅም ውል ስም። ሳይንስ ሲጠቀምበት ይዘቱ ሁለት ነው፤ ተክሉ በዚያ መገኘቱና የደረሰውም በሰው እጅ አለመሆኑ። ለፊላ ሁለቱንም ማሳየት አያስቸግርም። አንዲት ዘለላ ከ100,000 በላይ ዘር ትይዛለች፤ እያንዳንዱ ዘር በጥጥ መሰል ፀጉር ተንጠልጥሎ በነፋስ ይሄዳል፤ እርጥብ ጭቃ ያገኘው ይበቅላል። በዓለም ዙሪያ መገኘቱ ያለ መርከብና ያለ ሻንጣ የተደረገ ጉዞ ውጤት ነው። እትብቱ የተቀበረበት አንድ ቦታ የለውም፤ እርጥብ ጭቃ ሁሉ እትብቱ ነው። በአንዳንድ አገሮች አገር በቀልን ከመጤ ለመለየት ዓመት ይቆርጣሉ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. 1492 እንደ ድንበር ይቆጠራል። ለስምጥ ሸለቆ እንዲህ ያለ ዓመት አይሠራም። ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ዝናብ በበዛበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ዳርቻው ሲሸሽ ፊላው አብሮ ሸሽቷል። ቦታ ራሱ ይጓዛል።

የወላይታ ማሳ ደግሞ የቃሉን ሌላ ወሰን ያሳያል። ወላይታዎች ኡታ የሚሉት እንሰት የኢትዮጵያ ገበሬ አልምቶት ያሳደገው ነው። ከጎኑ ያለው ጎደሬ ግን ከእስያ የመጣ፣ ስኳር ድንቹ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጎደሬ በወላይታ ጓሮ ሥር ከመስደዱ የተነሣ የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ዝርያ ቦሎሶ 1 ተብሎ በአካባቢው ስም ይጠራል። አገር በቀል አይደለም፤ የወላይታ አይደለም የሚል ግን አይገኝም። በሰው እጅ የመጣ ነገር በሰው እጅ ቤተኛ ይሆናል፤ ይህ ከአገር በቀልነት የተለየ፣ ከርሱም የማያንስ ክብር ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ የገጠሩ ቤት ማገር ነው፤ ረግረግ ዳር ሲተከል ግን ውሃውን ይመጥጣል፤ እዚህ ላይ ቤተኛነቱ ከአገር በቀሉ ጋር ይጋጫል።

በዚሁ በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ ወደ አባያ በሚወስደው መንገድ፣ ቃሉ ጥሩ ትርጉም ያገኘበት ቦታ አለ። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ በአብዛኛው ያለ አዲስ ተከላ አገግሟል። ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላ ጉቶዎቹና ሥሮቹ ከአፈር በታች በሕይወት ቆይተው ነበር፤ ቡቃያው ተመርጦ፣ ተገርዞ፣ ከከብትና ከምሳር ሲጠበቅ ደኑ ተመለሰ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል። አገር በቀልነት እዚያ መፈክር አልነበረም፤ ከአፈር በታች ሆኖ የሚጠብቅ ሥር ነበር። ፊላም አካሉ ከጭቃ በታች ነው፤ ቅጠሉ ቢቃጠል፣ ቢታጨድ፣ በከብት ቢበላ አግዳሚው ግንድ ካለ ይመለሳል።

«አገር በቀል» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት በኢትዮጵያ ለተክል ብቻ አይነገሩም፤ ለሰውም ይነገራሉ፣ ሲነገሩም ያቆስላሉ። ስለዚህ ከረግረጉ የተገኘው ትርጉም ወደ ሰው መሻገር የማይችልበት ምክንያት በግልጽ መባል አለበት። በአበላ ሜዳ ዛሬ የሚኖሩት ብዙዎቹ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና፣ ዋዱ ይባል የነበረው የልማት ፕሮግራም በተቋቋመበት በ1970ዎቹ፣ መሬት ከጠበበበት ደጋ የወረዱ ናቸው። ተክል ቦታውን አይመርጥም፤ ውሉን የጻፉት ነፋስና ውሃ ናቸው። ሰው ግን ይመርጣል፣ ይገደዳል፣ ቃል ይገባል፣ ይቀብራል፣ ያገባል፤ ቤተኛ የሚሆነውም በዚህ ነው። በተክል ላይ «በሰው እጅ መጣ» ማለት አገር በቀልነትን የሚያስቀር መስፈርት ነው፤ በሰው ላይ ግን ማንም በሰው እጅና እግር ያልመጣ የለም። መስፈርቱ ለሰው ሲነገር ትርጉም ያጣል። ትርጉም ያጣ ቃል ሰው ማፈናቀያ ሲሆን ማየት የሚያም ነገር ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር አገር በቀል የሆነ ሁሉ ምንጊዜም ጠቃሚ ነው ብሎ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሴኔጋል ወንዝ አፍ ላይ የዲያማ ግድብ ተጠናቀቀ፤ የባሕር ጨው ወደ ወንዙ መግባቱን አቆመ፣ የውሃው ከፍታም ዓመቱን ሙሉ የረጋ ሆነ። በዚያ ወንዝ ለዘመናት በልኩ ይኖር የነበረው ፊላ ቦዮችን ዘጋ፣ የዓሣ አጥማጁን መንገድ አጠረ። በፍሎሪዳ የኤቨርግሌድስ ረግረግም የማዳበሪያ ፎስፎረስ ሲበዛ የዚያው አገር ጠባብ ቅጠል ፊላ ሌላውን ሣር ገፍቶ ወረሰው። ተክሉ በሁለቱም ስፍራ አገር በቀል ነበረ፤ የተለወጠው ውሃው ነው። ይህን በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየው እንቦጭ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እንቦጭ ከአማዞን ተፋሰስ ወጥቶ በሰው ምክንያት ተሰራጭቷል፤ ሥሩ በጭቃ አይታሰርም፣ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ፊላ የጎዳው ውሃው ሲለወጥበት ነው። የአንዱ ችግር የመጣው ውሉን ከማያውቅ እንግዳ ነው፤ የሌላው ውሉ ከፈረሰበት ቤተኛ።

በአባያ ይህ ውል የሚፈተነው በአፈር ነው። ሐይቁ ቀይ ቡናማ የሆነው ከላይ በሚወርድ ደቃቅ አፈር ነው፤ የወላይታ ደጋ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን ተዳፋቱ ታርሶ በቦረቦር ተበልቷል። የፊላ ጥቅጥቅ ቅጠሎች ጎርፉን ያዘገያሉ፣ ደለሉን ያስቀምጣሉ፤ በግንዶቹ መካከል የዓሣ ጫጩት ይሸሸጋል፣ ወፍ ጎጆ ይሠራል። ነገር ግን ደለሉ ከልክ ሲያልፍ ረግረጉ ወደ ደረቅ መሬት ይለወጣል፤ ደረቅ መሬት ደግሞ ይታረሳል። ከዚያ በኋላ ፊላን በችግኝ ጣቢያ አባዝቶ በሌላ ቦታ መትከል ተክሉን እንጂ አገር በቀሉን አያድንም። የሚጠበቀው ውሃው ነው፤ ውሃው የሚጠበቀውም ከላይ፣ ከዳሞታና ከሁምቦ ተዳፋት ጀምሮ ነው።

ቦታውን ማወቅ ተክሉን ለመለየትም የመጀመሪያው ምልክት ነው። ፊላ ውሃ በሚቆምበት ወይም አፈሩ ዓመቱን ሙሉ በሚረጥብበት ዳርቻ ይገኛል፤ ጥልቀቱ ከወገብ ሲያልፍ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ተንሳፋፊና ጠላቂ ዕፀዋት ይቀጥላሉ። ማዕበል በሚመታው ድንጋያማ ዳር አይጸናም። ዘሩ በጥልቅ ውሃ ሥር አይበቅልም፤ በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን ጭቃ ወይም ጣት የማይሞላ ውሃ፣ ከላዩም ብርሃን ይፈልጋል። አንዴ ከያዘ በኋላ ግን አግዳሚ ግንዱ ወደ ጥልቁ እየገፋ ይገባል፤ ስለዚህ በውሃ ውስጥ የቆመ ሰፊ የፊላ መስክ ሲታይ ያ ቦታ ወይም ጎረቤቱ አንድ ጊዜ ጭቃው ተገልጦ እንደነበር ያመለክታል። በዓይን የሚለየው ዘለላው ሲደርስ ነው፤ ወንዴው ብናኙን ጨርሶ ሳይረግፍ፣ ሴቴውም ወደ ጥጥ ሳይበተን። ጠባብ የሚመስል ቅጠል ብቻውን አያስተማምንም፤ ጥላ ውስጥ ያደገ ሰፊ ቅጠል ይጠብባል፣ የተመቸው ጠባብ ቅጠል ይሰፋል። በመጀመሪያው ዓመቱ ያለ ቡቃያ አብዛኛውን ጊዜ ዘለላ አያወጣም፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለማወቅ የሚቀጥለው ዓመት ውሃ መጥቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል።